በቆቅ ጥይት የደማው ነብር

ዱሩ ከሰው በሚበዛበት ዘመን፣ ስሙ ከአፌ በጠፋ አንድ አገር፣ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ አጎናፍር ይባላል፤ ታናሹ ቢያድግልኝ። አባታቸው ሲሞት ለታላቁ አፈ ሰፊ ከባድ ጠመንጃ፣ ለታናሹ ማሽላ የምታክል እርሳስ የሚበትን የቆቅ ጠመንጃ ተወላቸው። ምክርም ትቶላቸው ነበር፦ «ጥይቱ በአውሬው ልክ፣ ዒላማው ከብብቱ ሥር። ጎኑን ካልሰጣችሁ ቃታ አትሳቡ።»

በዚያ አገር ቀድሞ ያደማ ገዳይ ነው። አውሬውን ሌላ ሰው ቢጥለውም ቆዳው የፊተኛው ነው፤ እናቱ ቅቤ ትቀባዋለች፤ እሱም አደባባይ ወጥቶ ግዳዩን አንድም ሳያስቀር እየጠራ ይፎክራል። አጎናፍር ስንቴ ፎክሯል! ቢያድግልኝ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፎከረም። በየድግሱ «የአጎናፍር ወንድም» ይሉታል እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ይህ ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር።

አንድ ክፉ ነብር መንደሩን ለመደ። ዛሬ ጥጃ፣ ነገ ፍየል ሲል ሰነበተና የሸክላ ሠሪዋን ሕፃን ከደጇ ወሰደ። ሽማግሎቹ አጎናፍር ደጅ መጥተው «ካላንተ ማን አለን?» አሉት። እናታቸው ልጆቿን እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። «ነብሩ ቢያመልጥ ያምልጥ፤ እናንተ ግን ሁለት ሆናችሁ ተመለሱልኝ» አለች።

ቢያድግልኝ የቆቅ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላ ተከተለ። «መግደሉን ምን አስጨነቀኝ?» ይላል በሆዱ። «እኔ ጥቂት ደም ላፍስስ እንጂ ጋሼ ይጨርሰዋል። ቀድሞ ያደማ ገዳይ ነው።»

መንገድ ዳር ቆቅ አገኘችው። «ቢያድግልኝ፣ በዚህ ጠመንጃ ለማን?»

«ለነብር።»

«ኧረ ተው! ይሄማ የእኔ ጥይት ነው። ለነብር የነብሩን ያዝ።»

«ዝም በይ! ቀድሞ ያደማ ገዳይ ነው።»

ትንሽ እልፍ እንዳለ ጦጣ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥላ «ቢያድግልኝ፣ በዚህ ጠመንጃ ለማን?» አለችው።

«ለነብር አልኩ እኮ!»

«ለመሆኑ እናትህ ስንት ልጅ አላት?»

«ሁለት። ምነው?»

ጦጣም ቅርንጫፉን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ወንድማማቾቹ ፍየል አስረው ከድንጋይ ኋላ አደፈጡ። ፀሐይ አዘቅዘቅ ስትል ነብሩ መጣ። ፊት ለፊት፣ ደረቱን ወደ እነሱ አድርጎ ነበር የመጣው። አጎናፍር ጠመንጃውን ደግኖ «ቆይ» አለ በሹክሹክታ። «ጎኑን ይስጠን። ሁለት እርምጃ ብቻ ቀረው።»

ቢያድግልኝ ሁለቱን እርምጃ አየ። ከሁለቱ እርምጃ በኋላ የሚሆነውንም አየ፤ ወንድሙ ሲፎክር፣ እሱ ከሴቶች ኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ። ቃታውን ሳበ።

እርሳሱ ነብሩ ጉንጭ ላይ ተበተነ። ነብሩ ደሙን ላሰና «ቆቅ አደረግኸኝን?» ብሎ ዘሎ ጥሻ ገባ።

«ደማ! ጋሼ፣ አየኸው? ቀድሜ አደማሁት!»

አጎናፍር ተነሣ። «የቆሰለ ነብር ጥሻ ውስጥ ትተን ብንሄድ ነገ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ያገኛል» አለ። «አንተ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል።»

«ልከተልህ ጋሼ?»

«በዚያ ጠመንጃ?» አለውና እየጎነበሰ ገባ።

አንድ ተኩስ ተሰማ። ጩኸትም ተሰማ፤ የሰው ይሁን የአውሬ አይለይም። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ቢያድግልኝ «ጋሼ! ጋሼ!» ቢል የሚመልስለት አጣ። ጥሻው ሲገባ ነብሩ ሞቷል። የአጎናፍር ጥይት ልክ ከብብቱ ሥር ገብታለች። ግን ልቡን የተመታ ነብር እንኳ አንድ ዝላይ አያጣም፤ ጥሻው ደግሞ ከዝላዩ ለመሸሽ ጠባብ ነበር። አጎናፍር አንገቱ ተዘንጥሎ ከነብሩ ሥር ተኝቷል።

ቀበሩት። በሳልስቱ ሽማግሎቹ በካስማ የተወጠረውን ቆዳ አይተው «ለእናትየው ይሰጥ፤ የልጇ የመጨረሻ ግዳይ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ ተነሥቶ ቆመ። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አፍርለታለሁ። ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ ያ የድሮ ረኃቡ ግን አልለቀቀውም። «ቀድሜ ያደማሁት እኔ ነኝ» አለ።

ዳኛው ሽማግሌ ቀና ብለው አዩት። «በምን አደማኸው ልጄ?»

«በቆቅ ጠመንጃዬ።»

«ባታደማው ኖሮ ጥሻ ይገባ ነበር?»

ቢያድግልኝ ዓይኑን ከቆዳው ላይ አላነሣም።

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ ዳኛው። «ቆዳውን ውሰድ። ነገር ግን ያ ደም ከነብሩ ጉንጭ ተነሥቶ ወንድምህ አንገት ላይ ነው የቆመው። ቀድመህ ያደማህ አንተ ነህ፤ ሁለቱም ግዳይህ ናቸው። በል ፎክር! አንድም ሳታስቀር ጥራ።»

ቆዳውን ትከሻው ላይ ጣሉለት። አደባባዩ መሐል ቆሞ «የነብር ገዳይ!» አለ። ሕዝቡ ሁለተኛውን ጠበቀ። ቢያድግልኝ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እናቱ ቅቤውን በቅል ይዛ መጣች። ሕግ ነውና አናቱን ቀባችው። ቀብታ ስትጨርስ እጇን በአፈር አሸችና ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲያ «የአጎናፍር ወንድም» ብሎ የጠራው ሰው የለም። እስኪያረጅ ድረስ ያን ስም ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ተመኘ፤ ሰው ሁሉ ግን «ገዳዩ» ነበር የሚለው።

ከአባቶቼ የሰማሁት ይህን ነው፤ እናንተም ለልጆቻችሁ ስታወርሱ እንዲህ በሉ፦ ነብርን በቆቅ ጥይት ያቆሰለ፣ የገዛ ወንድሙን ገደለ።