ፀሐይን ያጨለሙት ቀኛዝማች

ቀኛዝማች አስጨናቂ የሚባሉ የአገር ገዥ፣ ፀሐይ በዚያ ቀን እንደምትጨልም ከከተማ እንግዳ ሰምተው ኖሮ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። ቀትር ላይ አገሩ ድቅድቅ ብሎ ሲጨልም፣

«ያጨለምኳት እኔ ነኝ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሙክት ካልመጣልኝ አልመልሳትም» አሉ።

ሰዉ እንደ ልማዱ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩን» ይል ጀመር። አንዲት ባልቴት ግን ለፋሲካ የምትቀልበው ሙክት ትዝ አላትና ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ማምጣቱንስ እናመጣለን። በዚህ ጨለማ ግን የማንን በግ ከማን እንለያለን? እስቲ ያብሩልን።»

ይህን ስትል ፀሐይዋ ብልጭ አለች። ቀኛዝማችም ደረታቸውን ነፍተው፣

«ይኸው አበራሁልሽ፤ በይ አምጪ» አሉ።

ባልቴቷ ሰማዩን አየት አድርጋ እጅ ነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። አሁንማ በራልን። ሙክቱን እንደገና ያጨለሟት ለት እናመጣለን።»