የአባ ይመኑ ጆሮ

በግራር አፋፍ መንደር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የራሱን አቤቱታ አስቀድሞ አያሰማም፤ በመጀመሪያ የባላጋራውን ቃል ጮክ ብሎ ይናገርለታል፤ ባላጋራው «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስም ወደ ራሱ ነገር አይሻገርም። ለእንግዳ ሰው ጉድ ነው! ልማዱን ያመጡት አባ ይመኑ የተባሉ ሽማግሌ እንደሆኑ ይነገራል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ጓንጉል የሚባል፣ ልቡ ደግ አፉ ግን እሳት የሆነ ገበሬ ነበር። ልጁን ጥሩዓለምን ለጎረቤቱ ለምትኩ ልጅ አጭቶ፣ ሰርጉ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ምትኩ ያለ ተራው የመስኖውን ውሃ ጠልፎ የጓንጉል ሽንኩርት ጠወለገ። ጓንጉልም «ልጄን ለውሃ ሌባ ቤት ብሰጥ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ጥሩዓለም እጮኛዋን ትወደው ነበርና እንባዋ አልቆም አለ፤ አባቷም ባያት ቁጥር ያዝንላታል፣ ግን መሐላውን ምን ያድርገው?

አባ ይመኑ ሁለቱን ሾላ ጥላ ስር ቢያስቀምጧቸው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየጮኸ መደማመጥ ጠፋ። ሽማግሌውም ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ «ዘንድሮ ጆሮዬ ከድቶኛል፤ በግራ በኩልማ ጭራሽ አልሰማም» አሉ። በግራቸው የተቀመጠው ምትኩ ነበር። «እስቲ ጓንጉል፣ የሚለውን አንተ ንገረኝ።»

ምትኩ ተናገረ።

«ሌባ ነኝ ይላል!» አለ ጓንጉል።

ምትኩ ራሱን በኃይል ነቀነቀ።

«አላልኩም እያለ ነው መሰለኝ» አሉ አባ ይመኑ። « በል ደህና አድርገህ ድገምልኝ፤ ሽማግሌ አታድክም እንጂ!»

ጓንጉል እያጉረመረመ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠ። «ሚስቴ ታማ ተራዬ አለፈኝ ይላል። ጓንጉልን ልለምን ቤቱ ሄጄ አጣሁት ይላል። ማሳው...» ድምፁ ተያዘ። «ማሳው ለልጆቻችን ጎጆ መውጫ የምሰጠው ነው፣ ሲደርቅ ማየት አልሆንልህ አለኝ ይላል።»

ከዚያ ቦታ ተለዋወጡና ምትኩ በተራው የጓንጉልን ቃል አደረሰ፤ የጠወለገው ሽንኩርትም ለሰርጉ ወጥ የታሰበ እንደነበር ያን ጊዜ አወቀ። «በሞትኩት! ሽንኩርቱን ከእኔ ማሳ እንነቅላለን» አለ።

«መሐላዬስ?» አለ ጓንጉል በጭንቀት።

«የማልከው ስለ ሌባ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሌባ የለም» አሉ አባ ይመኑ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጓንጉል ከኋላ ቀረት ብሎ በምትኩ ጆሮ፣ «ሽማግሌው ባይደነቁሩ ኖሮ ዛሬ አልቆልን ነበር» ብሎ አንሾካሾከ።

ከፊት የሚሄዱት አባ ይመኑ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ደንቆሮስ እናንተ!» አሉ ይባላል።

ሰርጉ ደመቀ። ጓንጉልም አርጅቶ ለሽምግልና ሲመረጥ ጆሮውን በመዳፉ ይደግፍ ጀመር። ዛሬም የግራር አፋፍ ሽማግሌዎች «አልሰማህም» ሲሉ ውሸታቸው መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን የሚያጋልጣቸው የለም፤ ሁሉም የባላጋራውን ቃል ጮክ ብሎ ይነግራቸዋል።