ሳይወለድ የገደለው ቡቃያ

፦ ተረት ተረት!
፦ የጓሮው ፍጥረት!

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ደርሰህ የሚባለው ባሏ ቆላ እየወረደ ጥጥ ያመጣ ነበር። አንድ በልግ ላይ የቆላ ወባ፣ ንዳዱ ይዞት ተመለሰና ሞተ።

ክረምት ሲገባ ከጓሮዋ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር አንድ እሾሃም ቡቃያ ብቅ አለ። በደጋው የሚያውቀው አልተገኘም። ደርሰህ ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ ስለበቀለ ግን አንጓች ሳሳችለት።

መድኃኒት አዋቂው አለቃ ድንቁ የቡቃያውን ወሬ ሰምተው መጡ። የአገሩ ጭቃ ሹምም ተከትለው መጡ። አለቃ ቅጠሉን አሸተቱና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

፦ ባልሽን የበላው ይህ ነው። ይነቀል።
፦ ስሙ ማን ይባላል፣ አለቃ?
፦ የመድኃኒት ስም ካፍ ከወጣ ይረክሳል።
፦ እርስዎስ ያውቁታል፣ ጭቃ ሹም?
፦ እንዴታ! ግን አለቃ ያልተናገሩትን እኔ ልናገር?

አንጓች ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

፦ ባሌ የሞተው በበልግ፣ ይህ የበቀለው በክረምት። ሳይወለድ የገደለ እሱ ብቻ! ይሁን፤ እናንተው ንቀሉት።

አለቃ ጭቃ ሹሙን አዩ። ጭቃ ሹሙም አለቃን አዩ።

፦ የአዋቂ እጅ አይነካውም።
፦ የሹምም እንዲሁ።

ከዚያም ተገፋፍተው በአጥር ሾልከው ሄዱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ እነሱ ግን በአጥር!

ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ተክሉ አደገና ቢጫ ፍሬ አንጠለጠለ። አንጓች አንዱን ቀመሰችና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እንኮይ ነው! ደርሰህ ከቆላ ሲመለስ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣላት ነበር። የመጨረሻውን እዚሁ አብረው በሉና ዘሩን የተፋችው እሷው ነበረች። ፍሬውን ታውቃለች፤ ዛፉን የት አይታው? አለቀሰች። እያለቀሰችም በላች።

ወሬው ተሰማና ሁለቱ ሊቃውንት ተመልሰው መጡ። አሁን በበሩ ነው የገቡት።

፦ እንኮይ መሆኑንማ ያኔውኑ አውቀን ነበር፣ አሉ አለቃ።
፦ ያኔውኑ! አሉ ጭቃ ሹም።

አንጓች ፍሬውን ለጎረቤት ልጆች አደለች። ልጆቹ መጥጠው የጣሉትን ዘር ለቀመችና ለሁለቱ አስጨበጠቻቸው።

፦ ሂዱና ትከሉት። ምንድን ነው ብሎ ሰው ቢጠይቃችሁ ግን እንዳትናገሩ። ይረክሳል።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። እንግዲህ አጉርሱኝ፤ ስሙን የማታውቁትን ግን እንዳታቀምሱኝ።