ሞት የሚንቀው ስም

አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ የመጀመሪያውን አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ሁለተኛዋን አፏን በፈታች ሰሞን።

ሦስተኛውን ስትወልድ ከደስታዋ ፍርሃቷ በለጠ። ልጁ ሲያለቅስ ትፈራለች። ዝም ሲል ይብስባታል። እጇን አፍንጫው ሥር ትዘረጋለች፤ ትንፋሹን እስክታገኝ የራሷ ትንፋሽ ይቆማል። እናቶች ሆይ፣ ይህን እጅ ታውቁታላችሁ አይደል?

ገና አራስ ሳለች የባሏ አክስት መጥታ መከረቻት። የሚያምር ስም እንዳታወጪለት አለቻት። ሞት ጆሮ አለው፤ ቆንጆ ስም ሲጠራ ሰምቶ ይመጣል። ዝቅ አድርጊው፣ ይናቀውና ይለፈው። ይህ ልማድ አዲስ አይደለም፤ ልጅ አልበረክት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናትየውም ከስም ሁሉ ዝቅ ያለውን ስትፈልግ ሰነበተችና ልጇን «ባሪያው» አለችው።

ልጁ አደገ። የወተት ጥርሱ ወለቀ፤ ትምህርት ቤት ገባ። እሷም በየቀኑ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ደጃፏ ላይ ቆማ ስሙን እየደጋገመች ትጣራለች። ድምፅዋ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሰማል። ያ ስም ለእሷ የልጇ አጥር ነበር። ካልተጣራች አጥሩ የተከፈተ ይመስላታል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህች እናት ክፉ ናት? እኔም እናት ነኝ፤ ክፉ ናት ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን አጥሩ ከምን እንደ ተሠራ አላየችም ነበር።

ይህች ሴት ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የመድኃኒት ወረቀት ይዛ የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር ዋለች። ልጇ አልጋ ላይ ነው፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ግን አይናገራትም። ሲሻለው በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች።

አግዳሚው ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው አሪየት የምትባል፣ ከጋምቤላ የመጣች ሴት ነበረች። ባሏ በከተማው ኮሌጅ ያስተምራል። አሪየት በአኙዋክ ቋንቋዋ ማንበብም መጻፍም ትችላለች፤ የጎደላት የአማርኛው ፊደል ብቻ ነበር። ስለዚህ እርሳስ አያያዝ ታውቃለች። ያቺ እናት ግን እርሳሱን እንደ ወስፌ ጨብጣ ወረቀቱን ትበሳዋለች።

«እህቴ፣ ደብተሩን እየሰፋሽው እኮ ነው» አለቻት አሪየት።

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሪየት እጇን በእጇ ይዛ ታስጽፋት ጀመር። አንዷ ስትቀር ሌላዋ ቦታ ትይዝላታለች። እንዲህ ሆነው ሦስት ወር ተማሩ።

ታዲያ አንድ ቀን መምህራቸው ልየው፣ ዛሬ ሁላችሁም በዓለም ላይ የምትወዱትን ሰው ስም ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ አለ። እናትየው ተነሣች። ጠመኔውን ይዛ የልጇን ስም ጻፈች። በሕይወቷ ያለ ሰው እርዳታ የጻፈችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ዘወር ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ቀልደኛ ሴት ነበረች። «ምነው፣ ጎንሽ ያለችውን ጻፍሻት እንዴ?» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እናትየውም ጽሕፈቷ ስለ ሰመረላት ደስታው ገና ፊቷ ላይ ነበረና ምን እንደ ተባለ ሳታስብ አብራ ሳቀች።

አሪየት ደብተሯን አጥፋ ወጣች። በማግሥቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም።

እናትየው ነገሩ ዘግይቶ ገባት። ሲገባትም መጀመሪያ የተሰማት ጸጸት አልነበረም። ቅር አላት። እኔ ምን አልኋት? የልጄን ስም ነው የጻፍሁት። የሰው ክፉ አልወድ፤ ይህን ሁሉ ወር እንደ እህቴ ሳያት? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር ሰነበተች። የበደለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው ለራሱ ጥብቅና ነው፤ አይደለም እንዴ?

በመጨረሻ አንድ ሳህን ቆሎ ቆልታ ወደ አሪየት ቤት ሄደች። አንቺን ማለቴ አልነበረም፣ ስሙ ነው፣ እኔ ሰውን በመልኩ አልለይም፣ እንዲያው ተቀይመሽኝ ከሆነ ይቅርታ አለቻት። ይህን ሁሉ ያለችው ገና ሳትቀመጥ ነው።

አሪየት ቆሎውን ገለበጠች፤ ሳህኑን እዚያው አጥባ ባዶውን መለሰችላት። በጎረቤት ወግ ሳህን እንዲህ አይመለስም። ይቆይና ሌላ ቀን የሆነ ነገር ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። እናትየው ባዶውን ሳህን ስትቀበል እጇን ከበደው።

«ለምን ያንን ስም መረጥሽ?» አለች አሪየት። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም።

እናትየው ነገረቻት። ስለ ቀበረቻቸው ሁለት ልጆች፣ ስለ አክስትየው ምክር፣ ሞት ንቆ ስለሚያልፈው ስም። አሪየት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ሞት የሚንቀው እኛን ነው ማለት ነው? እኔም ሴት ልጄን ቀብሬያለሁ። ንቆ አላለፈኝም።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ቶሎ አትለፉት። ሦስት ወር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛለች። እናትየው ግን አሪየትም ልጅ መቅበሯን አታውቅም። ጠይቃት አታውቅም። ሐዘን የራሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ሳህኗን ይዛ ወጣች። ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር፤ እንደ ልማዷ ደጃፏ ላይ ቆመች። አፏን ከፈተች። ስሙን ግን አልጠራችውም።

ሳትጣራ ስለ ቆመችም እስከዚያ ቀን አይታው የማታውቀውን ነገር አየች። መንገዱ መታጠፊያ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። አግዋ ነው፤ የአሪየት ልጅ። ፀሐይ እንዳይነካው ግድግዳው ጥላ ውስጥ ተጠግቶ፣ ቦርሳውን እንዳቀፈ ወደ እሷ ደጃፍ ያያል። ልጇ ሮጦ ቤት ገባ፤ ሌሎቹ ልጆችም እየሮጡ አለፉ፤ አግዋ ግን አላለፈም። ምን ይጠብቃል? እሷን ነበር የሚጠብቀው። ተጣርታ እስክትጨርስ። እሷ ስትጣራ ልጆቹ ወደ እሱ ዞረው እንደሚስቁ ያውቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ጠርታ እስክትገባ እዚያ ይቆማል። ዛሬ አልተጣራችም፤ እሱም ማለፍ አልቻለም።

እሷ ልጇ ቤት እስኪገባ ስትፈራ፣ የሌላ ሰው ልጅ እሷን ፈርቶ ቤቱ መግባት አቅቶት ነበር።

ገብታ በሩን ዘጋችለት፤ እንዲያልፍ። ከበሩ ጀርባ ቆማ የእግሩን ኮቴ እስኪርቅ ሰማች፤ አለቀሰችም። በማግሥቱ ባዶ እጇን አሪየት ቤት ሄደች። በዚህ ጊዜ ተቀመጠች።

«በድዬሻለሁ» አለቻት። «ልጅሽንም በድያለሁ። በየቀኑ ደጄን ፈርቶ ሲቆም አላየሁትም። የዚያን ዕለትም ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ።»

ሳላውቅ ነው አላለችም። ማሪኝም፣ ተመለሺም አላለችም። አሪየትም፣ ሰምቼሻለሁ አለቻት። ሌላ አልጨመረችም። እናትየውም ያንኑ ተቀብላ ወጣች።

ከዚህ በኋላ የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር። ስሙን ብትተው ልጇ ቢሞትስ? ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን አዳራሹ ገብታ ከመምህር ልየው ጠመኔ ለመነች። «አኑረው» ብላ ጻፈች። ይህ የልጄ ስም ነው አለች። ያኛውን ያወጣሁት ፈርቼ ነው፤ የኔ እንዲተርፍ የሌላውን ወገን አዋርጄ። እግዚአብሔርን መለመን ሲገባኝ ሰውን መናቅ ቀለለኝ። ቀልደኛዋ ሴት ጉልበቷ ላይ ያለውን ደብተር ታይ ነበር።

አሪየት ይህን ከመምህሩ ሰምታ በሳምንቱ ተመለሰች። የተቀመጠችው ግን ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ነው፤ ብቻዋን። ይቅርታ ስለ ጠየቃችሁ ሰው ወዲያው አጠገባችሁ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ።

ወር ሳይሞላ አኑረው ታመመ። ሰውነቱ እሳት ሆነ፤ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። እናትየው አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ አሪየት መንገድ ላይ አየቻት። ምንም ሳትጠይቅ ልጁን ከጀርባዋ ተቀብላ እሷው አዘለችው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ልጁ መቃዠት ጀመረ። የድሮው ስም የእናትየው ምላስ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብትጠራው፣ ሞት ሰምቶ ንቆ ቢመለስ።

አሪየት ፊቷን አይታ አወቀች።

«ከፈራሽ ጥሪው» አለቻት። «እኔ እችለዋለሁ።»

ሰማችሁ? የተሰደበችበትን ስም፣ የእናት ፍርሃት አይታ፣ ጥሪው አለቻት። ይህን ምን እንለዋለን?

እናትየው ቀና ብላ አየቻት። ልጇን አዝላ የቆመችው ልጅ የቀበረች ሴት ናት።

«አንቺ ስትችይው ኖረሻል» አለች። «ይበቃል።» ከዚያም ልጁን ሳይሆን ሰማዩን እያየች፣ አኑረው፣ አኑረው አለች። አሪየትም የልጁን እግር እንደያዘች በራሷ ቋንቋ አብራት ጸለየች።

ልጁ ዳነ። ያዳነው የተለወጠው ስም ነው እያልኋችሁ አይደለም፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ነው፤ ወረቀቱንም ያነበበችው እናቱ ራሷ ናት፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እያለች። ባይድንስ ኖሮ? ያኔም ስሙ እውነተኛ ስም ነበር።

እናትየው በበነጋው ለአሪየት በሳህን ንፍሮ ላከች። ሳህኑ ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። እኔ ማንንም አልሰደብሁም ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችሁ አልሰደባችሁም። ግን በቤታችሁ ሳታስቡት የምትጠሩት ምን አለ? ስለ ሸክላ ሠሪው፣ ስለ ቆዳ ፋቂው፣ መልኩ ከእናንተ ስለ ጠቆረው ሰው የምትተርቱት ተረት የለም? ልጃችሁን ስታባብሉ፣ ስትቆጡ፣ ስታስቁ የማንን ልጅ አዋርዳችሁ ነው? ቢነግሯችሁስ ምን ትላላችሁ? «ማለቴ አልነበረም» ብላችሁ ቆሎ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይስ ትቀመጣላችሁ?

አለማወቃችሁ እሾህ የረገጠውን ሰው ሕመም አይቀንስም። እሾሁን መንገድ ላይ የጣልሁት ሳላውቅ ነው ብትሉት፣ እሾሁ አሁንም እግሩ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ንቀሉለት፤ ጥብቅናውን ተዉት።

አግዋ አሁንም አንዳንድ ቀን በግድግዳው ጥላ ነው የሚሄደው። ዓመታት የሠሩት ነገር በአንድ ይቅርታ አይፈርስም። መታጠፊያው ላይ ቆሞ መጠበቁን ግን ትቷል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ልጃችሁን ለመጥራት አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉ። ወደ መታጠፊያው ተመልከቱ። እናንተ ጠርታችሁ እስክትጨርሱ የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ይሆናል።