በጅቦ ደጅ የቆመችው የጨው ታንኳ

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መካከል ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ነበሩ። ባንዷ አያ ጅቦ ይኖራል፤ በሌላዋ እመት አህይት። በመካከላቸው ያለው ውኃ ጠባብ ነው፤ አንዱ ቢያስነጥስ ለሌላው ይሰማል።

ጨው የሚያመጣላቸው ቀበሮ ነበር። ከማዶ ገበያ በደንገል ታንኳው እየቀዘፈ ይመጣል። ማሻገሪያው ግን ውድ ነው። ጅቦ አንድ ዘንቢል ዓሣ ለጨው፣ አንድ ዘንቢል ደግሞ ለቀበሮ ይከፍላል። አህይትም በሣር እንደዚያው።

«ምነው ቀበሮ፣ ማሻገሪያው የጨውን ያህል ይሆናል እንዴ?» ሲሉት፣

«ለአንድ አፍ ብዬ ይህን ሁሉ ውኃ ቀዝፌ፣ ስመለስ ባዶዬን! ብዙ ብትሆኑ ይረክስላችሁ ነበር» ይላል።

ጅቦን የሚያንገበግበው ግን ዋጋው አልነበረም። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳ በደረሰች ቁጥር ወጥታ ካልተንጠፈጠፈች ትሰምጣለች። ለዚህ የሚሆን ሰፊ ድንጋይ ያለው በአህይት ደጅ ብቻ ነው። ቀበሮ የጅቦን ጨው ይዞ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። ጅቦ ታንኳዋን በጎረቤቱ ደጅ ተደግፋ ሲያያት ሆዱ ይቃጠላል።

«እኔ ምን ጎደለኝና!» ይላል።

ክረምት ሊገባ ሲል አህይት ከማዶ ጠራችው።

«አያ ጅቦ! ያንተንና የኔን ጨው ባንድ ጭነት እናስመጣው። ማሻገሪያውን እንካፈላለን።»

«ታንኳዋስ የት ልታርፍ ነው?»

«ድንጋዩ ካለበት ነዋ።»

«አሃ! እኔ ከፍዬ አንቺ ደጅ ልትቆም? ጆሮሽ ረዘመ እንጂ እኔ ሞኝ አይደለሁም!»

ብዙም ሳይቆይ ቀበሮ የጅቦን ጨው ይዞ ብቅ አለ። ጅቦ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገብቶ ጠበቀው።

«ወዳጄ ቀበሮ፣ ዛሬስ እኔ ደጅ ቁም!»

«ታንኳዋ ውኃ ጠጥታለች፣ አያ ጅቦ። ድንጋዩ ላይ ትውጣ። ከዚያ የአህይትን ጨው ላመጣ እመለሳለሁ።»

«አትመለስም! እዚሁ ትቆማለች። እሷም ትያት!»

«ብትሰምጥብኝስ?»

«ያለኝን ዓሣ በሙሉ ውሰድ!»

ቀበሮ ከንፈሩን ላሰ። «አስቀድመህ ስጠኛ» አለው። ሰጠው።

«ጨውህንስ ላውርደው?»

«ተው፣ ተው! እንደተጫነ ትየው!»

ታንኳዋ ጭቃው ዳር በካስማ ታስራ ሁለት ቀን ዋለች፣ አደረች። ጅቦ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ይጮኻል።

«እመት አህይት! ዛሬ ታንኳ በማን ደጅ ነው?»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ እየሰመጠች ነው! ጨውህን አውርድ!»

«ቀንተሽ ነው!»

በሦስተኛው ቀን ታንኳዋ ቁልቁል ሄደች። ጨውም ሟሟ። ቀበሮ ዋኝቶ ተሻገረ፤ ከአህይት ደጅ ደንገል አጭዶ አዲስ ታንኳ አሰረ። ተመልሶም የጅቦን ዓሣ እስከ ጭራው ጫነ።

«ነፋሱ ተነሥቷል። እስከ መስከረም አልመጣም፤ ደህና ክረሙ» ብሎ ቀዘፈ።

ዝናቡ ወረደ። ጅቦ የሚያጠምደው ዓሣ ያለ ጨው በማግሥቱ ይሸታል፤ ማዕበል በሆነ ቀን ደግሞ የሚጠመድ የለም። አንድ ጧት ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወደ ማዶ ተጣራ።

«እመት አህይት! አንቺስ ጨው አለሽ?»

«ከየት አምጥቼ! ታንኳዋን አንተ አስረህብኝ!»

«ቅንጣትም?»

«ቅንጣትም።»

ጅቦ እፎይ አለ። ከዚያ ታንኳዋ ታስራበት የነበረውን ካስማ መላስ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጎረቤቱ እንዳይደርስ ብሎ የሚከፍል ሰው የራሱንም ጨው ውኃ እንደሚያስበላው ነው።