ቀላዱና ሰንሰለቱ

አንድ ቀላድ ጣይ ነበረ። ቁጭ በል፣ መምህር ይደነቃቸው፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ሰፈሩም ሰምቶታል። «ኒውተን ከተሳሳተ ለምን እናስተምረዋለን?» ብለህ የአሥራ አንደኛ ክፍልን ደብተር አዘግተህ ስታበቃ፣ አሁን ደግሞ መልሱን ከእኔ ትፈልጋለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጉድ አልገጠመኝም። በል ዝም ብለህ ስማኝ።

ቀላድ ጣይ ማለት መሬት በጠፍር የሚለካ ሰው ነው። የዚህኛው ጠፍር ከአባቱ የወረሰው፣ በቅቤ የታሸ የበሬ ቆዳ ነበር። የሚለካው በበጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ረፋድ ላይ፣ ሣሩ ከደረቀ በኋላ። «ጤዛ ሳይረግፍ ቀላድ አይጣልም» ይል ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። እሱ በለካበት ድንጋይ ይተከላል፣ ድንጋይ የተተከለበት ድንበር ነው፣ አለቀ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ አገር በድንበር ምክንያት ዱላ የተማዘዘ ሰው አልነበረም።

አንድ ሐምሌ ላይ አንድ ባለጠጋ ሞተ። ሁለት ልጆቹ፣ ወንድና ሴት፣ ውርሱን አሁኑኑ ካልተካፈልን አሉ። ቀላድ ጣዩ «እስከ ጥቅምት ታገሡ» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም፤ ዳኛውም ለካ ብሎ አዘዘው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የወንድምየውን ድርሻ ጠዋት በዝናብ ለካ፤ የእህትየዋን በሌላ ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ ጠፍሩ ከደረቀ በኋላ። ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል። ለሁለቱም እኩል አሥር ቀላድ ተጣለላቸው፤ የወንድምየው አሥር ግን ከእህትየዋ አሥር በአምስት እርምጃ በለጠ።

እህትየዋ ከሰሰች፤ ከከተማ የብረት ሰንሰለት የያዘ ሰው ተላከ። ብረት ዝናብ አይበግረውም። ሰንሰለተኛው እንደገና ለክቶ የጎደለባትን መለሰላት። እሰየው! ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ባንተ አልናደድም ነበር።

ግን በዚያ መንደር አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ነበረ። ሰንሰለቱን ባየ ማግሥት ከቤት ቤት እየዞረ «ቀላድ ውሸት ነው! አርባ ዓመት ተታልላችኋል!» ማለት ጀመረ። ያልተበደለው ሁሉ የተበደለ መሰለው። በጋውን በሙሉ የድንበር ድንጋይ ሲነቀል ከረመ። በምን እንተካዋለን ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሰንሰለተኛው አንድ፣ አገሩ ሰፊ። ግንቦት ገብቶ የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ድንበሩን የሚያውቅ ጠፋ።

ድንጋይዋን ያልነቀለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ነበረች። ያላት ያቺው አንድ ማሳ ናት፤ ልጆቿን የምታበላው ከእሷ ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። «ይሄ ድንበር አይደለም፤ በውሸት ቀላድ የተለካ ነው» ብሎ ሞፈሩን ሊያሻግር ሆነ። ሴትዮዋ ድንጋዩ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«በላዬ ላይ እረስ» አለችው።

ጩኸቱን ሰምቶ ወንድሟ ጦር ይዞ ደረሰ። የጎረቤትየው ልጆች መጥረቢያ አነሡ። ደም ለመፍሰስ የቀረው አንድ ክፉ ቃል ነበር። ደግነቱ ሰንሰለተኛው በዚያ ሰሞን እዚያው አካባቢ ነበርና ሽማግሌዎች ሮጠው አመጡት። እሱም ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ሰንሰለቱን እየዘረጋ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ድረስ መጣ።

«ቀላዱ ተሳስቷል» አለ። ጎረቤትየው ፈገግ አለ።

«በስንት?» አለች፣ ሳትነሣ።

«ልኩ ከድንጋዩ መካከል በአራት ጣት ፈቀቅ ይላል።»

«ድንጋዩ ራሱስ ስንት ጣት ይሰፋል?»

ሰንሰለተኛው ጎንበስ ብሎ ለካ። ድንጋዩ ስፋቱ አንድ ክንድ ሙሉ ነበር፤ ሃያ አራት ጣት።

«እንግዲያው ልኩም ስሕተቱም ያለው እዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው» አለች። «አራት ጣቴን የሚፈልግ ካለ ድንጋዩ ላይ ይዝራ!»

መጥረቢያ የያዙት ልጆች ሳቃቸው አመለጣቸው። አባታቸው አፍሮ በሬዎቹን መለሰ።

ሌላው ሕዝብ ይህን ሲሰማ የነቀለውን ድንጋይ ተሸክሞ ወደየማሳው ሮጠ። ምን ዋጋ አለው፣ ጉድጓዱ ሞልቶ አረም በቅሎበት ነበር! የእገሌ ነው፣ የለም የእኔ ነው ሲባባሉ ክረምቱ ገባና በዚያ ዓመት የአገሩ ግማሽ መሬት ጦሙን አደረ። አዋቂ ነኝ ባዩም አላፈረም፤ ቀላድ ጣዩን «ጠፍሩ ሲርስ እንደሚዋሽ ለምን አልነገርከንም?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ከት ብሎ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። «ጤዛ ሳይረግፍ አይጣልም ስላችሁ፣ አርባ ዓመት ምን እያልኩ መስሏችሁ ነው?»

እንግዲህ ይደነቃቸው፣ ቀላዱ የኒውተን ሕግ ነው። ሰንሰለቱ አንተ ባለፈው ወር አንብበህ የሰከርክበት የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው። ዝናቡ የብርሃን ፍጥነት ነው፤ ነገር ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጋ ጠፍሩ ይለጠጣል፣ ያኔ ሰንሰለት አምጣ፣ እኔም አግዝሃለሁ። ከዚህ ደሴ ለሚሄድ አውቶቡስ ግን ሰንሰለቱ ምን ቤት ነው? በአውቶቡሱ ላይ ኒውተን የሚሳሳተው ስሕተት በትምህርት ቤታችን ባለው ሰዓትና ሜትር ሁሉ ተፈልጎ አይገኝም፤ ድንጋዩ ውስጥ ነው። ሰንሰለትህም ቢሆን የጤፍ ፍሬ ለካልኝ ብትለው አይሆንለትም፤ ለአቶም ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ። ወሰን ያለው ሁሉ ውሸት ከሆነ እውነት የሚባል ነገር በእጃችን የለም። ጤዛው የቱ ጋ እንደሚጀምር የመማሪያ መጽሐፉ ራሱ ጽፎልሃል፤ ያንን ገጽ ዘለልከው እንጂ!

ትናንት ከተማሪዎችህ አንዷ፣ የብሩክታይት፣ ቤቴ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ የተማርነው ሁሉ ውሸት ነው ወይ?» ብላ አልቅሳብኛለች። ድልድይ እሠራለሁ ትል የነበረችው ልጅ፣ አንተ ከተናገርክ ጀምሮ ደብተሯን አልከፈተችም። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ እኔ ምን ሆንኩ? ነገ ጠዋት ክፍልህ ግባና በገዛ እጅህ የነቀልከውን ድንጋይ ትከል። ጉድጓዱ ገና አልሞላም።