ውሃ ሲነካው የወጣው ፊት

አንድ ሰው ነበረ። ሸሚዝ ላይ የሰው ፊት የሚያትም ሰው። ቁጭ በይ ባዩሽ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም! «የባሌን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አሳድጌያት አንድ ቀን እንኳ እማዬ አላለችኝም፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት አክስቴ?» አይደል ያልሽኝ? መልሱ እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነው። እኔ ፊደል ብዙም አልቆጠርኩም፤ በዓይኔ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ሰውየው እኛ ግቢ ተከራይቶ ነበር የሚሠራው፣ ሙያውን ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ። ሥራው እንዲህ ነው። የእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ጨርቅ ይወጥራል። ጨርቁን መድኃኒት ይቀባና ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደርቀዋል። መድኃኒቱ ብርሃን ካየ ይጠነክራል፤ ካላየ በውሃ ይለቃል። ከዚያ የሚፈለገው ፊት በጥቁር የታተመበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ላዩ ላይ ይለጥፍና መስተዋት ጭኖበት ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ጥቁሩ የጋረደው ቦታ ብርሃን ሳያይ ይቀራል። ሲታጠብ ያ ቦታ ብቻ ይከፈታል፤ ቀለሙም በዚያ ሾልኮ ሸሚዙ ላይ ፊት ሆኖ ቁጭ! አስቢው እስቲ! ብርሃን ይጽፋል፣ ውሃ ያነባል! መጀመሪያ ሲነግረኝ «አንተ ሰውዬ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?» ብዬው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ፎቶ በጉያዋ ይዛ መጣች። አባቷ አርጅተው መንገድ ይጠፋባቸው ነበር፤ ከቤት ከወጡ ዘጠኝ ቀናቸው። በማግስቱ የማርያም ንግሥ ነው፤ ከየቀበሌው የማይመጣ ሰው የለም። ዘመዶቿ የአባቷን ፊት ደረታቸው ላይ አድርገው በሕዝቡ መሃል ሊዞሩ ነው፤ ያየ ካለ እንዲናገር። «ነገ ካለፈ ሰዉ ይበተናል፤ እባክህ ወንድሜ» አለችው። ሰውየው መድኃኒት የተቀቡ ሁለት ፍሬሞች ብቻ ቀርተውታል። መድኃኒቱ የሚሸጥበት ከተማ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ ዓይነት ነበር። የድሮው መድኃኒት ፀሐይ ሲያገኘው መልኩ ይለወጥ ነበርና ሰውየው በዓይኑ አይቶ «በቃው» ማለት ለምዷል። የአዲሱ ሻጭ ግን «ሁለት መቶ ቁጠርና አንሣ» ብቻ ነው ያለው። ቆጠረ። አነሣ። ወደ ጨለማው አስገብቶ የላስቲኩን ጥግ ገለጥ ቢያደርግ ምንም የለም፤ እንደ ቀባው ነው። «አልያዘም» አለና መልሶ አወጣው። እንደገና ሁለት መቶ፣ እንደገና ምንም። እኔ አዋቂዋ ደግሞ ከበሩ ቆሜ «ጨምርለት እንጂ፣ ፀሐይ እንደሆነ አይከፈልበት!» እላለሁ። ሦስተኛም አወጣው።

ሲያጥበው አንድም ቦታ አልለቀቀም። ብርሃኑ በዛና በጥቁሩም አልፎ ገብቷል፤ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ውሃውን ከኔ በርሜል በባልዲ እየቀዳ ደፋበት። በብሩሽ ፈተገው። በመጨረሻ ጨርቁ ጨርሶ ተቀደደ። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ከበሩ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛውን ፍሬም አወጣ። ሁለት መቶ ቆጠረ። አስገብቶ አየው። ምንም የለም ባዩሽ፣ ምንም! መልሶ ወደ ፀሐይ ሊያወጣው መስተዋቱን ታቀፈው።

እኔ ሴትዮዋን ላጽናና ብዬ «አባትሽ ለመሆኑ ያውቁሻል?» አልኳት። እሷም ለኔ ነው የምትነግረኝ፣ እሱን ልብም አላለችውም። «ፊታቸውን ስታዪው ውስጣቸው ምንም የቀረ አይመስልሽም» አለችኝ። «ስሜን ሃያ ጊዜ ብነግራቸው፣ ሃያ ጊዜ ብጠይቃቸው ዝም። እንዲያውም በጠየቅኳቸው ቁጥር ይብሱን ይዘጋሉ። እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ሳጥባቸው ግን ምንም ሳልጠይቃቸው ‹ይርገዱ› ብለው በስሜ ይጠሩኛል።»

ሰውየው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ መስተዋቱን አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ፍሬሙንም ይዞ ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ውሃው ሄደ።

አሁን አልደፋበትም። በጣሳ ቀስ አድርጎ አራሰውና ጠበቀ። ምንም አልነበረም፤ እኔም ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጥቁሩ ጋርዶት የነበረ አንድ ቦታ ለስለስ አለ። ቅንድብ! ቀጥሎ ዓይን ተከፈተ፣ ሌላው ዓይን ተከተለ፣ የግንባራቸው መጨማደድ አንድ በአንድ ወጣ፤ የፈጣሪ ያለህ! ምንም ከሌለበት ጨርቅ ሽማግሌ ብቅ አሉና አዩን። እልልታዬ ጎረቤት አስወጣ። ሴትዮዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሸሚዙ ላይ ሲታተም ደግሞ ጢማቸው ነጭ ነውና ቀለም አላለፈበትም፤ የሸሚዙ ንጣት ራሱ ጢም ሆነላቸው። እስካሁን ሳስበው ይነዝረኛል።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው ያንን ፊት ለብሶ በንግሡ መሃል ዞረ። ሻማ የምትሸጥ ሴት የአንዱን ደረት በጣቷ ነክታ «ውይ፣ እኚህ አባት እኮ እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ነው ያሉት!» አለች። ልጃቸው ሮጣ ደረሰች። «አወቁኝ?» አላለቻቸውም። የወፍጮ ቤቱን ሰዎች ለብ ያለ ውሃ ነው የለመነችው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ ያቺ ልጅ እንደዚያ ፍሬም ናት። ሁለት ዓመት ያጎረስሻት፣ ስትታመም በጀርባሽ ይዘሻት የሮጥሽው፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ያሳጠርሽላት፣ ሁሉም ገብቶባታል። አንቺ ግን በዓይንሽ ስላላየሽው «ትወጂኛለሽ ወይ? እኔ ምንሽ ነኝ?» እያልሽ በየቀኑ መልሰሽ ፀሐይ ላይ ታወጫታለሽ። ስለማይገባት አይደለም የምትጠነክርብሽ፤ ስላበዛሽው ነው። የእናቷ ሞት እንደዚያ ጥቁር የጋረደው ቦታ ደግሞ አለባት። እሱን በብሩሽ አትፈትጊው፤ ፊቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

ሁለት መቶ ቆጥረሻል፤ በቃ። ነገ ቅዳሜ አይደል? ፀጉሯን እጠቢላት። ቀስ እያደረግሽ አፍስሺላት፣ ምንም አትጠይቂያት። ውሃ ካነሰሽ በርሜሌ ሙሉ ነው፣ መጥተሽ ቅጂ።